ለሚሄድ የምትጮኸው ጉርሻ

ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

በረቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

፦ ክፍት ነው!

እንግዲያውስ ግቡና አረፍ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ ውሻዋን ረገጥካት። እሷም እንደናንተ ልትሰማ ነው የመጣችው። የዛሬው ተረት ደግሞ የዘሯ ነው። መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን እተወዋለሁ፣ ነግሬያለሁ።

በድሮ ዘመን ዋንዛ በር በምትባል መንደር ታንጉት የምትባል ሴት ነበረች። ቤቷ የመንደሩ መጨረሻ ላይ ነበር። ከቤቷ ወዲያ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ሥር ወንዝ ነበር። ከወንዙ ማዶ አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። በዋንዛው ሥር ወደ ቆላ የሚወስደው መንገድ ያልፋል። ባሏ ደባሱ ይባላል። ደባሱ በሁለት በቅሎ ጨው ሊያመጣ በዚያ መንገድ ወረደ። እመለሳለሁ ያለው ለመስቀል ነበር። መስቀል መጣና አለፈ። ደባሱ ግን አልመጣም።

ሲሄድ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። በዚያ መንደር መንገደኛ ከኋላው አይጠራም። ከኋላው የተጠራ ሰው መንገዱ ይሰበርበታል ይላሉ። እናም ታንጉት በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ አየችው። ቁልቁለቱን ወረደ። ወንዙን ተሻገረ። ዋንዛው ሥር ሲደርስ ቆመና ጎንበስ ብሎ የመጫሚያውን ጠፍር አጠበቀ። ጠፍሩ ላልቶ ነበር? እኔ አልላላም ነው የምለው። ሰውየው አንድ ቃል ከኋላው እየጠበቀ ነበር። ታንጉትም ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣላት። ተመለስ ልትለው አፏን ከፈተችና ዋጠችው። ከዚያም ደባሱ በቅሎዎቹን ነዳና ሄደ። ያቺ ቃል ግን አልወረደችላትም። እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀረች።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከዓመት በላይ የቆየ ሰው ሲመለስ ዘው ብሎ ቤቱ አይገባም። ቤቱ ምን ሆኖ እንደሚጠብቀው አያውቅማ! ሞተ ተብሎ ተዝካሩ ተበልቶ ይሆናል። ሚስቱም ሌላ አግብታ ይሆናል። ስለዚህ አጥሩ ሥር ይቆማል። አይጣራም። የሚጣራለት የቤቱ ውሻ ነው። ውሻው ይጮሃል፣ የቤቱ ሰው ይወጣል፣ «ግባ» ይለዋል፣ ይገባል። ማንም ካልወጣለት ግን የአጥሩ ጥላ እግሩ ላይ እስኪደርስ ይጠብቅና ቂም ሳይዝ ይመለሳል። ይህ ምን የሚሉት ልማድ ነው ትላላችሁ። እኔም እላለሁ። ሰው እንዳይተፋፈር ብለው ነው ያወጡት። ስንቱን ሰው ከደጁ እንደመለሰ ግን የቆጠረ የለም።

ታንጉት አንድ ያረጀ ውሻ ነበራት። ደባሱ በሄደ በሦስተኛው ዓመት ያ ውሻ ሞተ። ታንጉትም እንቅልፍ አጣች። ደባሱ ቢመጣ አጥር ሥር ይቆማል። አይጣራም። ታዲያ ማን ይነግረኛል? አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አያ ጓንጉል ሄደች።

አያ ጓንጉል የውሻ ሰው ነበሩ። ቡችላ አይተው ሲያድግ ምን እንደሚሆን ይናገራሉ። የትኛው ተናካሽ፣ የትኛው ፈሪ፣ የትኛው ለፍላፊ፣ የትኛው ዝምተኛ እንደሚሆን ያውቃሉ። ሰው የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። እሳቸው ግን ከሰው ጋር ብዙም አይስማሙም። ሲናገሩ ቁጣ ይመስላል።

፦ ለምንሽ ነው ውሻው? ለበግ ነው ለጅብ? አሏት።

፦ ለሰው ነው አያ። ሰው ማዶ ዋንዛው ሥር ብቅ ሲል የሚጮህ፣ ጆሮው ንቁ የሆነ፣ የማይሰለች።

አያ ጓንጉል ደባሱን ያውቁታል። ቁጣቸው በረድ አለ።

፦ በይ ተቀመጪ አሏት።

ያን ጊዜ እቤታቸው የነበሩት አራት የድንክ ውሻ ቡችሎች ናቸው። የድንክ ዘር ሲያድግ ከድመት እምብዛም አይበልጥም። ታንጉት አየቻቸውና ቅር አላት።

፦ እነዚህማ ትንንሾች ናቸው አያ።

፦ ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂ። ትልቁ ውሻ ቁመቱን አይቶ ሰው ይፈራዋል፣ መጮህ አያስፈልገውም። ድንክ ግን የጎደለውን ቁመት በጩኸት ነው የሚሞላው። ሃምሳ ቀን ሆኗቸዋል፣ አሁን ይታያሉ። ከዚያ በፊት ያየ ሰው ይሳሳታል፤ እናትየውን ነው እንጂ ቡችላውን አያይም።

ከዚያም ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ይዘው አነሡ። አንዱ ሲያነሡት ጮኸ፣ ሲያወርዱትም ጮኸ።

፦ ይህ አልቃሻ ነው። ሲያድግም ያለ ነገር ያለቅሳል አሉ።

ቀጥለው የማሰሮ ክዳን ከኋላቸው ጣሉ። ክዳኑ ኳ! ብሎ ተሰበረ። አልቃሻውና ወንድሙ ሮጠው እናታቸው ሥር ገቡ። ጥቁሩ ቡችላ ግን እግሩን አንፈራጦ ገሉ ላይ ጮኸበት።

፦ ይኸውልሽ! ይህ ጥቁሩ ያንቺ ነው። ለሚመጣ ሁሉ ይጮሃል። ቅጠል እንኳ ሲወድቅ ዝም ብሎ አያሳልፍም።

አራተኛዋ ቀላ ያለች ዳማ ነበረች። አንድ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የወደቀ። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። መጥታ ገሉን አሸተተችና አጠገቡ ተኛች።

፦ ይህቺስ አያ?

፦ እሷን ተያት። ቆይ ላሳይሽ።

አያ ጓንጉል ራቅ አሉና ወደ ቡችሎቹ መጡ። ጥቁሩ ጮኸ። ዳማዋ ጅራቷን ቆላች። ከዚያም ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ። ጥቁሩ ነገሩን ትቶ ሣር ማኘክ ጀመረ። ዳማዋ ግን ተነሣች። አንገቷን ቀና አደረገችና ጮኸች። ሲቆሙ ዝም አለች። ሲራመዱ ጮኸች።

፦ አየሽ? ይህቺ ለሚመጣ አትጮህም። ለሚሄድ ነው የምትጮኸው። ስታድግም ይኸው ናት። ሌባ ቢመጣ እግሩን ትልሰዋለች፣ ሰርቆ ሲሄድ ደግሞ ምነው ቸኮልክ ትለዋለች!

ታንጉት ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር። ጥቁሩን ቡችላ በነጠላዋ ሸፈነችና አያን አመስግና መንገድ ጀመረች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ከኋላዋ ዳማዋ ጮኸች። ታንጉት ቆመች። ዳማዋ ዝም አለች። ታንጉት ተራመደች። ጮኸች። ጩኸቷ ቀጭን ነው፣ ግን ሰው ውስጥ ይገባል። ታንጉት ተመለሰችና ጥቁሩን አስቀምጣ ዳማዋን አቀፈች።

፦ ሴትዮ አብደሻል እንዴ? አሉ አያ ጓንጉል። ባልሽ ከአጥርሽ ሥር ቢቆም ይህቺ አትነግርሽም!

፦ እኔ እጠብቀዋለሁ አያ። ዓይን አለኝ።

፦ ምን አይተሽባት ነው?

፦ እኔ ሳልለው የቀረሁትን እሷ ትላለች።

አያ ጓንጉል ጥቁሩን ቡችላ ወደ እናቱ መለሱ። ከዚያም፦

፦ እንግዲህ ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ የማየው ግማሹን ነው፤ ግማሹን የምትጨምሪው አንቺ ነሽ። ብታስፈራሪያት ተናካሽ ትሆናለች፣ ብትወጃት የዋህ ትሆናለች። ለሚሄድ መጮኋን ግን ማንም አያስተዋትም አሉ።

ታንጉት ውሻዋን ጉርሻ አለቻት፣ ያን ቀን በአንድ እጅ ትያዝ ነበርና። ጉርሻም አደገች። አደገች ስል ድመት አከለች ማለቴ ነው። ዓመሏም አያ ጓንጉል እንዳሉት ሆነ። ሰው ሲመጣ ጅራቷን እየቆላች ትቀበላለች። ሰው ተነሥቶ ነጠላውን ሲያስተካክል ጆሮዋ ይቆማል። ሲወጣ እየጮኸች እስከ አጥሩ በር ትከተለዋለች። ለሁሉም ነው ታዲያ፤ ለእንግዳም፣ ለጎረቤትም።

ጎረቤቷ እትዬ ድንቄ ወንፊት ልትዋስ መጥታ አንድ ቀን ተቆጣች።

፦ ታንጉት፣ ይህቺን ውሻ ምን አድርጌያት ነው? ስገባ እግሬን ትልሳለች፣ ስወጣ እንደ ሌባ ታዋርደኛለች!

፦ አትሂጂ ማለቷ ነው እትዬ።

፦ አትሂጂ ካለች ራት ታብላኛ!

መንደሩም አወራ። አንዳንዱ ተቀየመና ቀረ። አንዳንዱም፣ ባሏ ሲመጣ የማይጮህ ውሻ ይዛ ባሏን ትጠብቃለች ብሎ ሳቀባት። ጎበዝ፣ ሰው ሲስቅበት የማያመው ማን አለ? ታንጉትን አመማት። ጉርሻን ግን አልሰጠችም።

በራሷ ዓይን ጠበቀች። ጠዋት ወንበሯን በሩ ላይ ታወጣለች። ጥጥ ትፈትላለች፣ ዋንዛውን ታያለች። ጨው ነጋዴ ሲያልፍ ትጠይቃለች። እንዲህ ያለ ሰው፣ ረዘም ያለ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ አይታችኋል? አላየንም ይሏታል። የፈተለችው ክር ጋቢ ሲሞላላት ወደ ሸማኔ ወሰደችው። የደባሱን ቁመት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አሳየችው። የትከሻውን ስፋት ሁለት እጇን ከፍታ አሳየችው።

፦ ይህ ግዙፍ ሰው ነው! አለ ሸማኔው።

፦ አዎ። በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

ጋቢው ተሠራ። ተጣጥፎ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ማንም አልለበሰውም። አምስተኛው ዓመት አለፈ፣ ስድስተኛው አለፈ። አንድ ቀን ታንጉት እየፈተለች ሳለ ደነገጠች። የደባሱን ፊት ታስታውሳለች። አካሄዱን ታስታውሳለች። ድምፁ ግን ጠፋባት። ፈለገችው፣ ልትሰማው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ያን ቀን አለቀሰች ልጆቼ። ሰው የሚወደውን ሰው ድምፅ ሲረሳ፣ ያ ሰው ሁለተኛ የሄደ ያህል ነው የሚከፋው። እኔ አውቀዋለሁ።

በሰባተኛው ዓመት እትዬ ድንቄ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ያን ቀን ወንፊት አልጠየቀችም።

፦ ልጄ፣ ያን ጋቢ ለነዳያን ስጪው። እሱም ነፍሱ ይማር፣ አንቺም ልብሽ ይረፍ።

ታንጉት ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን ጋቢውን አጠበችና አጥሩ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ ልትሰጠው ነው። ወንበሯንም ከበሩ ላይ አነሣች። ቤት ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። እንዝርቷን ያዘች።

፦ ዛሬስ አላይም አለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራ፣ ያቺን አንድ ቀን ብቻ አላየችም። ደባሱም የመጣው በዚያች ቀን ነው። አታጉረምርሙ! እኔ ምን ላድርግ? እንዲህ ነው የሆነው።

ደባሱ በረሃ ሲገባ ወባ ጣለው። በቅሎዎቹ አለቁ። ሲድን ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ ብሎ አፈረ። የሰው ጭነት እየተሸከመ፣ የሰው ግመል እየነዳ ዘንድሮ፣ ከርሞ ሲል ሰባት ዓመት ሆነው። በመጨረሻ ናፍቆቱ ሃፍረቱን አሸነፈውና መጣ። ከስቷል። ጢሙ ሸብቷል። ትከሻው ጎብጧል። ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ሥር ቆመ።

ቀና ሲል ምን አየ? አዲስ ጋቢ። ነጭ፣ ሰፊ፣ የትልቅ ሰው ጋቢ። ልቡ ወደቀ።

፦ አግብታለች። ግዙፍ ሰው ነው ያገባችው አለ በሆዱ።

ልኩ የራሱ እንደሆነ አላወቀም። እንዲህም ሆኖ ልብሱን አስተካከለ። ውሻው ይጩህብኝና የፈለገው ይውጣ፣ ፊቷን አይቼ እመለሳለሁ አለ። ጉርሻ መጣች። ደባሱ ጩኸቷን ጠበቀ። ጉርሻ ግን እግሩን አሸተተች። አቧራውን ላሰችለት። ከዚያም መጫሚያው ላይ አገጯን ጣል አድርጋ ተኛች። ደባሱ ቆመ። ጥላው ቀስ እያለ መጣ። ቤቱ ዝም አለ። ጥላው ተረከዙን ነካ፣ ጣቱን ነካ። ማንም አልወጣም።

፦ ትንሿ፣ አንቺ ብቻ ተቀበልሽኝ። ደህና ሁኚ አላት።

እግሩን ከአገጯ ሥር ቀስ አድርጎ አወጣና ዞረ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለት እርምጃ ሄደ። የጉርሻ ጆሮ ቆመ። ከዚያም ጮኸች። እንደዚያ ቀን ጮኻ አታውቅም። መሬቱን እየቧጠጠች፣ እየዘለለች ጮኸች።

ታንጉት ቤት ውስጥ ሰማቻት።

፦ እትዬ ድንቄ እየወጣች ነው አለች እንደ ልማዷ።

ፈትሏን ቀጠለች። ቆይታ ግን እጇ ቆመ።

፦ እትዬ ድንቄ መቼ መጣች? ዛሬ ቤቴ ማንም አልመጣም። ጉርሻ ደግሞ ለሚመጣ አትጮህም፣ ለሚሄድ ነው። ታዲያ የሚሄደው ማነው?

እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሰው ይወርዳል። ጀርባው ነው የሚታያት። ከሲታ ነው፣ ጎባጣ ነው። የእሷ ደባሱ እንዲህ አልነበረም። እሱ ነው? አይደለም? ሰውየው ወንዙን ተሻገረ። ጉርሻ ትጮሃለች። ታንጉት አጥሩን ይዛ ታያለች። ሰውየው ዋንዛው ሥር ደረሰ። ቆመ። ጎንበስ አለና የመጫሚያውን ጠፍር አጠበቀ።

ያኔ አወቀችው።

በዚያ ዘመን ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። መንገደኛም ከኋላው አይጠራም። ታንጉት ሁለቱንም ረሳች። ያቺ ሰባት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ የቀረች ቃል ወጣች።

፦ ደባሱ! ደባሱ! ተመለስ!

ሰውየው እንደጎነበሰ ቀረ። ቀና አላለም፣ አልዞረም።

፦ ከኋላዬ የምትጠሪኝ ማነሽ? መንገዴን ልትሰብሪው ነው?

ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። አዎ፣ ይህ ነው። የጠፋባት ድምፅ ይህ ነው። ታንጉት ቁልቁለቱን እየሮጠች፦

፦ ይሰበር! መንገድህ ይሰበር! ይበቃል፣ ተመለስ! አለች።

ደባሱ ዞረ። ወንዙ መሀል ተገናኙ፣ ውኃው ጉልበታቸው ድረስ እያለ። ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፣ አልሰማሁም። ዳገቱን ሲወጡ ግን ደባሱ አጥሩ ጋ ቆመና አልገባም አለ።

፦ ያ ጋቢ የማን ነው?

፦ ልበሰውና እየው!

ለበሰው። መሬት ለመሬት ተጎተተ። ሁለት ዙር ተጠቅልሎም ተረፈ። ደባሱ ጋቢውን እያየ አለቀሰ።

፦ ይህን ያህል ነበርኩ እንዴ?

፦ ነበርክ። ትመለስበታለህም። በል ግባ።

ገባ። ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም። ጉርሻም ተከትላቸው ገባችና ዝም አለች።

አያ ጓንጉል ወሬውን ሰምተው ሊጠይቁ መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ሲነሡ ጉርሻ ጮኸችባቸው። ሳቁና፦

፦ ስለ ውሻዋ ስናገር አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ላንቺ አትሆንሽም ያልኩት ላይ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ደባሱ ወደ እርሻ ሲወጣ እንኳ ጉርሻ ትጮህ ነበር። እሱም በየጠዋቱ በሩ ላይ ይዞራል። እርሻ ነው የምሄደው፣ ለምሳ እመለሳለሁ ይላታል። ለውሻ! ያኔ ዝም ትላለች። የዋንዛ በር ሰዎችም ሁለቱን ልማዶች ተዉ። የሚመጣው ይጣራል፣ የሚሄደውም ይጠራል።

ይህቺ እግሬ ሥር የተኛችው የዚያች የጉርሻ ዘር ናት። ዛሬም ስትወጡ ትጮህባችኋለች። ስድብ ነው ብላችሁ እንዳትቀየሙ። አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩን፣ ይበቃናል። የኔ ልጅ በዚህ ደጅ ሲወጣ ውሻ አልነበረኝም። በሩ ላይ ቆምኩ። እኔም ዝም አልኩ።

በሉ እንግዲህ! ተረቴ ይኸው መጣች ከሩቅ፣ አፌም ተከፍቶ ጉርሻ ይጠብቅ! አንተ ትልቁ፣ እጅህን ታጠብና አጉርሰኝ። ለእሷም ቁራሽ ጣልላት፣ ሳትሄድ።